የቢምቢ እጭ ይዤ ወደ መርካቶ

ይህን የምጽፈው መርካቶን በወሬ ብቻ ለምታውቁ የድሬዳዋ ሰዎች ነው። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንደ እናንተ ነበርኩ። የሄድኩት ለንግድ አልነበረም፤ ከተማ ለማየትም አልነበረም።

ታላቅ እህቴ ሉባባ ባለፈው ዓመት ከዝናቡ በኋላ ሞተች። ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት መኪናዋን ግቢያችን ውስጥ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ፣ በኒም ዛፉ ጥላ ሥር አድርጋ ቀኑን ሙሉ ትሰፋ ነበር። ሐኪሙ ደንጊ የሚባለው ትኩሳት ነው አለን። አጎበር አላችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቅ እናቴ "አለን እንጂ" አለችው። እውነቷን ነው፣ ነበረን። ግን አጎበሩ አልጋ ላይ ነው፤ የደንጊ ቢምቢ የምትናከሰው ደግሞ ቀን ነው። ጥላ ትወዳለች፤ ቁርጭምጭሚት ትወዳለች። ሉባባ ደግሞ እግሯ ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አይነሳም ነበር።

የባዮሎጂ መምህራችን መምህር አስናቀ ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው በርሜሉን ሲከፍቱ ውሃው በእጭ ተሞልቶ አዩ። ለቅሶው ሲያበቃ ጠርተውኝ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ የሠሩትን ነገሩኝ። የኒም ቅጠል ይቀቀላል፤ ውሃው ይጠለላል፤ ሲልቨር ናይትሬት የሚባል የብር ጨው ይጨመርበታል። ቅጠሉ ብሩን እጅግ ወደደቀቀ ብናኝ ይለውጠዋል። ናኖ የሚባለው ይህ ነው። አንዷን ብናኝ ዓይን ቀርቶ የትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕም አያሳያትም። እጩ ብናኙን ከውሃው ጋር ሲውጥ ይሞታል።

"የሚጠጣ ውሃ ውስጥ ግን አይገባም፤ በርሜል መድኃኒቱ ክዳን ነው" አሉኝ። "እኔን የሚያሳስበኝ ጎማው ነው።"

እንደምታውቁት በሰፈራችን ነፋስ ቆርቆሮውን እንዳይወስደው ጣሪያ ላይ አሮጌ ጎማ እንጭናለን። ጎማ ደግሞ ውሃውን ብትደፉትም ከሆዱ ጨርሶ አይወጣም። ቢደርቅም እንቁላሉ ከግድግዳው ተጣብቆ ቀጣዩን ዝናብ ይጠብቃል።

የትምህርት ቤታችን ሲልቨር ናይትሬት አልቆ ነበር። ድሬዳዋም አጣነው። የሳይንስ ክበቡ ልጆችና የሉባባ ደንበኞች ገንዘብ አዋጡ፤ እኔ ልሂድ አልኩ። መምህር አስናቀ የደረቀ የኒም ቅጠል በከረጢት ሰጡኝና "መርካቶ ፎርጅድ ይበዛል፤ ሳትሞክር እንዳትገዛ" አሉኝ። ስለዚህ አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ሙሉ የቤታችንን ውሃ ከነእጩ ቀዳሁ። የኛን እጭ በኛ ውሃ ውስጥ ካልገደለ ምን ይሠራልናል?

የመጀመሪያው ቀን

አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ተነሳ። ጠርሙሱን ጭኔ ላይ አደረግኩት። እጮቹ አየር እንዲያገኙ ክዳኑን አውጥቼ አፉን በስስ ሻሽ አስሬዋለሁ። አጠገቤ አንዲት ሴትዮ ተቀምጠው ነበር፤ ሲነጋ ጠርሙሱን አዩት።

"ልጄ፣ ውሃህ ትል አፍርቷል። በመስኮት ድፋው።"

"አውቃለሁ እትዬ። የምፈልገው ትሉን ነው።"

ከዚያ በኋላ ዘንቢላቸውን አንስተው በመካከላችን አደረጉት።

የደንገጎን ዳገት ስንወጣ በአንዱ ጠመዝማዛ ላይ ጠርሙሱ ተንጋደደና ሱሪዬ ረጠበ። የረጠበበት ቦታ ጥሩ አልነበረም። ቁርስ ለመብላት ሂርና ስንወርድ ረዳቱ ከላይ እስከ ታች አይቶኝ "ተማሪ መስሎን ሕፃን ነው እንዴ የጫንነው?" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሴትዮዋ ግን አልሳቁም። ከዘንቢላቸው ሽርጥ አውጥተው "እስኪደርቅ ታጠቅ" ብለው ሰጡኝ። ቁርሴንም እሳቸው ከፈሉ። በመካከላችን የነበረው ዘንቢልም ከዚያ በኋላ ወደ እግራቸው ወረደ።

ኬላው ላይ ፈታሹ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንስቶ አየው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የቢምቢ እጭ ነው።"

"ወዴት ነው የምትወስደው?"

"አዲስ አበባ።"

"አዲስ አበባ ቢምቢ ጠፋ አሉህ?"

ነገሩን ላስረዳ ስጀምር ሴትዮዋ ከኋላዬ "ለትምህርት ነው፤ ተወው ልጁን" አሉት፤ ጠርሙሱን መለሰልኝ።

ከአዳማ በኋላ መንገዱ ሰፊና ለስላሳ ነው። የኛ አገር ሙቀት እዚያ ቀረ። አዲስ አበባ ስንገባ የለበስኩት ሸሚዝ ምንም እንዳልለበስኩ ሆነ። አውቶቡስ ተራ ላይ ጋሼ ይመር ይጠብቁኝ ነበር። የእናቴ የአጎት ልጅ ናቸው፤ ከወሎ መጥተው መርካቶ ብዙ ዘመን ኖረዋል። ሥራቸው ከአሮጌ ጎማ ጫማ መሥራት ነው። ሳቅ አልኩ፤ የኔ ጉዳይ ጎማ፣ የሳቸውም ጎማ።

ቤታቸው ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ከሱቆች ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ቅያስ ውስጥ። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ አቅፈውኝ አለቀሱ። "ሉባባን አላህ ይርሐማት። አብሽር ልጄ" አሉኝ። እኔ አላለቀስኩም። ጠርሙሱን እያየሁ ነበር። እጮቹ ከታች ተከማችተው አይንቀሳቀሱም።

"ሞቱብኝ" አልኩ።

እትዬ ዘይነባ ጎንበስ ብለው አዩ። "ሉባባን የነከሷት እነዚህ ናቸው?"

"የነዚህ እናቶች ናቸው።"

"በርዷቸው ይሆናል" አሉና ጠርሙሱን በራሳቸው ሻርፕ ጠቅልለው ከሰል ምድጃው አጠገብ አስቀመጡት። እራት እስክንበላ ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ እየተነሱ እንዳይግል በእጃቸው ይዳስሱት ነበር። እራት ጨርሰን ሻርፑን ሲገልጡት እጮቹ እየተጠማዘዙ ይዋኛሉ። "አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ ወዲያው ደግሞ እንዳፈሩ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እኔ ለእጮቹ የዳቦ ፍርፋሪ ጣል አደረግኩላቸው።

ሁለተኛው ቀን

ድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ሱቅ ይዘጋል፤ ሰው ይተኛል፤ መንገዱ ለፍየሎች ይለቀቃል። መርካቶ የሚተኛበትን ሰዓት ጠየቅኩ። ጋሼ ይመር "መርካቶ ሲተኛ አይቼ አላውቅም" አሉ። ሁሉም ነገር ተራ አለው፤ ለቆርቆሮ ተራ፣ ለጎማ ተራ፣ ለቅመም ተራ። ተሸካሚዎች ከቁመታቸው በላይ ጭነው "መንገድ! መንገድ!" እያሉ ይመጣሉ። ዞር ካላልክ ዞር ያደርጉሃል። እኔም ሁለት ጊዜ ግድግዳ ላይ ተለጠፍኩ፤ ጠርሙሱን ግን ብብቴ ውስጥ ይዤው ነበር።

ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ መስታወት ለሚሠሩና ብረት በብር ለሚነክሩ ሰዎች ኬሚካል የሚሸጥ ሱቅ አለ። ባለቤቱ አቶ ሽኩር ይባላሉ፤ አጭር፣ ፈጣን ሰው ናቸው። ጋሼ ይመር በሩ ላይ አድርሰውኝ ወደ ሥራቸው ሄዱ። አቶ ሽኩር ከጥቁር ብልቃጥ ውስጥ ነጭ ጨው አሳዩኝ።

"ኦርጅናል ነው" አሉ።

"ልሞክረው?"

"ሞክር።"

በጣቴ ቆንጠር አድርጌ በብርጭቆ ካለ የኛ ውሃ ውስጥ ጨመርኩት። ውሃው ወዲያው ነጣ። ወተት የተጨመረበት መሰለ። መምህር አስናቀ እንደ ውሃ ጥርት ብሎ ይሟሟል ብለውኝ ነበር።

ያዋጡት ሰዎች ፊት ታየኝ።

"ዱቄት ነው!" አልኩ። በጣም ጮኼ ነበር። "ዱቄት ነው የሚሸጡት! ይሄ ኖራ ነው!"

መንገዱ ላይ ያለው ሰው ቆመ። አቶ ሽኩር ከመደርደሪያው ጀርባ ወጡ።

"ሌባ ነህ ነው የምትለኝ? በቤቴ በር ላይ?"

"ይኸው፣ ነጣ!"

"ውጣልኝ! ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ!"

ወጣሁ። አንዱ ተሸካሚ "አቦ ድሬ! ሙቀቱን ይዘኸው ነው እንዴ የመጣኸው?" ብሎ አላገጠብኝ። አብነት የሚባለው ሰፈር ድረስ ሄድኩ፤ ከዚያ ለመምህር አስናቀ ደወልኩ። ነጭ ሆነ አልኳቸው።

"ጀማል፣ በየትኛው ውሃ ነው የሞከርከው?"

"በኛ።"

"ጥፋቱ የኔ ነው፤ አልነገርኩህም። የኛ ውሃ ጨው አለው፤ ጀበናና ማንቆርቆሪያ የሚያነጣው ውሃ አይደል? ሲልቨር ናይትሬት ጨው ሲያገኝ ይነጣል። ኬሚስትሪ ላይ ተምረኸዋል። ነጭ መሆኑ እውነተኛ ለመሆኑ ምስክር ነው። መቀላቀል ያለበት በተጣራ ውሃ ነው።"

ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይም መጥቶ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ከአንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ሌላ ሱቅ ልፈልግ ብዬ ተነሳሁ። የጠየቅኳቸው ሁሉ ግን ወደ አቶ ሽኩር መለሱኝ።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ ጠቁረዋል። ጨውን የቆነጠርኩባቸው አውራ ጣትና ሌባ ጣት ከሰል ነክተው የታጠቡ ይመስላሉ፤ ግን አይለቁም። እትዬ ዘይነባ ጮኹ። በሎሚ አሹኝ፤ በአመድ አሹኝ፤ ምንም የለም። ጋሼ ይመር አይተው "ሂና ነው በላቸው" አሉና የትናንቱን ጠብ ከኔ ሰሙ። አልተቆጡም። ካፖርታቸውን ደርበው "እንሂድ" አሉ።

በቀጥታ ወደ አቶ ሽኩር አልሄድንም። መጀመሪያ ከጎናቸው ወዳለው ሚስማር ሻጭ ገባን። ሽማግሌ ናቸው፤ የመንገዱ ነጋዴዎች ሲጣሉ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ካርቶን ላይ ተቀመጥን። ሰውየው ሰምተው ሲያበቁ ወጥተው አቶ ሽኩርን ይዘው መጡ። አቶ ሽኩር አላዩኝም። ተነስቼ ስለ ውሃው ነገርኳቸው፤ ይቅርታ ጠየቅኩ።

"ይቅርታው እዚህ ካርቶን ላይ ነው፤ ስድቡ አደባባይ ነው" አሉ ወደ ሽማግሌው እያዩ። "ካሳ አልፈልግም። ትናንት በሬ ላይ ቆሞ ዱቄት ነው ብሎ ጮኸ። ዛሬ እዚያው በር ላይ ቆሞ እውነተኛ ነው ብሎ ይጩህ። በዚያው ድምፅ።"

ሽማግሌው ጋሼ ይመርን አዩ። ጋሼ ይመር እኔን አዩ። "ፍርዱ ትክክል ነው" አሉኝ።

ከሉባባ ቀብር ወዲህ፣ ከትናንቱ በቀር፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። በሩ ላይ ቆምኩ።

"የአቶ ሽኩር ዕቃ እውነተኛ ነው" አልኩ።

የትናንቱ ተሸካሚ ጭነቱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ "አልተሰማም!" አለ። "ትናንት እስከ ራጉኤል ነበር የተሰማው! ደግሞ ሙሽራው ሂና ተቀብቶ መጥቷል፤ እዩት ጣቱን!"

ሳቁ። በድጋሚ ጮኽኩ።

"የአቶ ሽኩር ዕቃ እውነተኛ ነው! የተሳሳትኩት እኔ ነኝ! ጨው ያለው የኛ ውሃ ነው!"

"ታዲያ ውሃችሁን ምን እናድርግላችሁ?" አለ ሌላው።

"ቢምቢ አለበት!" ብዬ ጮኽኩ። "እህቴን ገድሏታል! እሱን የሚገድል ነው ልገዛ የመጣሁት! እውነተኛ ነው፤ ኦርጅናል ነው!"

ተሸካሚው ሳቁን አቆመ። አቶ ሽኩር ክንዴን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝ።

"መቼ ነው የሞተችው?"

ነገርኳቸው።

"ትናንት ለምን አልነገርከኝም?"

"ዕቃ ልገዛ ነው የመጣሁት። እንዲታዘንልኝ አልመጣሁም።"

"ዋጋ አልቀንስልህም" አሉ። "ነፍስ ይማር፤ ግን አልቀንስም። ለሙከራ የሚሆን ትንሽ ውሰድ። ከገደለልህ ነገ ተመለስና ግዛ። ካልገደለ እኔም የማይሠራ ነገር ሸጬልህ እንድትሄድ አልፈልግም።" የላስቲክ ጓንትም ሰጡኝ።

የተጣራ ውሃ ከየት ይመጣል? ጋሼ ይመር አላመነቱም፤ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄደን የባትሪ ውሃ ገዛን። ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው ማለቴ ነው። እትዬ ዘይነባ አንድ ድስት ለቀቁልኝ፤ "ከእንግዲህ ምግብ አይሠራበትም፣ ያንተ ነው" አሉ። ቅጠሉን በባትሪ ውሃ ቀቀልኩ። የቤታችን ግቢ ሽታ ቅያሱን ሞላው፤ መራራ፣ አረንጓዴ። ጎረቤት "ማን ታሞ ነው?" ብሎ ጠየቀ። አጥልዬ፣ አቀዝቅዤ፣ ከሟሟው ሲልቨር ናይትሬት ጋር ቀላቀልኩትና ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ የቀጭን ሻይ መልክ ነበረው። ምሳ በልተን ስንመለስ ጠቁሯል፤ ቡናማ ሆኗል። ለመምህር አስናቀ ፎቶ ላክሁላቸው፤ "ጎሽ!" ብቻ ብለው መለሱ።

ሁለት ብርጭቆ አቀረብኩ። በሁለቱም የኛን ውሃና የኛን እጭ አደረግኩ። በአንዱ ቡናማውን ጨመርኩ፤ አንዱን እንዳለ ተውኩት። የፈራሁት አሁንም ጨው ነበር፤ ውሃችን መድኃኒቱን ያበላሸው ይሆን? እትዬ ዘይነባ ሁለቱንም ከምድጃው እኩል አራርቀው አስቀመጧቸው።

አራተኛው ቀን

መድኃኒት ያለበት ብርጭቆ ውስጥ አብዛኞቹ ከታች ተኝተዋል። ጥቂቶቹ ሲነኳቸው ብቻ ይንፈራገጣሉ። ቀትር ላይ እነሱም ቆሙ። ያልተነካው ብርጭቆ ውስጥ ግን ሁሉም ይዋኛሉ፤ ወደ ላይ ይመጣሉ፤ ይተነፍሳሉ፤ ይወርዳሉ።

ደስታ ይመጣልኛል ብዬ ነበር። የመጣው እንቅልፍ ነው። እዚያው ብርጭቆዎቹ አጠገብ ተኛሁ። እትዬ ዘይነባ ጋቢ አልብሰውኝ ኖሯል። ስነሳ በሕይወት ያሉትን ከአጠገቤ አጣኋቸው፤ እሳቸው የፈላ ውሃ ደፍተውባቸው ነበር። "ስትነሳ እንዳታያቸው ብዬ ነው" አሉኝ።

ብርጭቆውን ይዤ ሱቁ ስሄድ አቶ ሽኩር በመስኮት ብርሃን አገላብጠው አዩት። ሚስማር ሻጩንም ጠሩ፤ ተሸካሚውንም ጠሩ። ተሸካሚው "ሙሽራው ገደለ!" ብሎ ጀርባዬን መታኝ። አቶ ሽኩር ብልቃጡን ሦስት ጊዜ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። በከፈልኩት ላይ የባትሪ ውሃ በጀሪካን ጨመሩልኝ። "ይሄ ቅናሽ አይደለም" አሉ። "ስጦታ ነው፤ ልዩነት አለው።"

አምስተኛው ቀንና ከዚያ ወዲህ

ስመለስ ጭኔ ላይ ያለው ብልቃጡ ነበር፤ ጀሪካኑ ከእግሬ ሥር። እትዬ ዘይነባ የሰጡኝን ሻርፕ አንገቴ ላይ አድርጌ ነበር። አዋሽን ስናልፍ ሙቀቱ መጣ፤ ሻርፑን ፈታሁት። እናቴ መጀመሪያ ያየችው ጣቶቼን ነው። ሥራ ነው አልኳት። በርሜላችን በሄድኩበት ሳምንት ተከድኖ፣ በላዩ ድንጋይ ተጭኖበት ነበር። እሷ ናት ያደረገችው።

ከመምህር አስናቀ ጋር በኛ ጣሪያ ጎማ ጀመርን። በማግስቱ አብዛኛው ሞቷል። ጋራዡ ጀርባ ባሉት፣ ዝቃጭና ቅጠል በሞላባቸው ጎማዎች ግን ብዙዎቹ ተረፉ። ብርጭቆ ውስጥ እንዳየሁት አልሆነም፤ ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። መምህር አስናቀ ዝቃጩ ብናኙን ይይዘዋል አሉኝ። አሁን መጀመሪያ ጎማውን አወርዳለሁ፤ እደፋለሁ፤ በብሩሽ እፈትገዋለሁ። የማይወርደውንና የማይደፋውን ብቻ በመድኃኒቱ እይዘዋለሁ። ሥራው ካሰብኩት በላይ ነው። ዝናቡም ጀምሯል።

ትናንት ከኛ ሁለት መንገድ ራቅ ብሎ ያለ አንድ በር አንኳኳሁ። አንዲት እናት ከውስጥ ሳይከፍቱ መለሱ።

"ምንድን ነው የምትሸጠው?"

"አልሸጥም እትዬ። ጣሪያዎ ላይ ስላለው ጎማ ነው።"

"ጎማዬ ምን አደረገህ አቦ? ሂድ ወደ ሥራህ!"

"ሥራዬ ይሄ ነው። የሉባባ ወንድም ነኝ፤ የልብስ ሰፊዋ።"

የበሩ መወርወሪያ ሲሳብ ሰማሁ። ሴትዮዋ በሩን ከፍተው ጣቶቼን አዩ፤ ጠርሙሱን አዩ።

"መሰላሉ ከጓሮ ነው" አሉኝ። "አንዱ ደረጃ ተሰብሯል። ቆይ፣ ልያዝልህ።"

ወጣሁ። ጎማው ውስጥ ያለው ውሃ በእጭ ይርመሰመስ ነበር።